በእርሳስ የቆየው ካርድ

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ጦርነት የለበትም፤ ስሙ የሚታወቅ ትልቅ ሰውም የለበትም። ያለው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ብር፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀትና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ለክፍል ጓደኛዬ ለናትናኤል ባጭሩ ባጫወትኩት ጊዜ፣ "ማዘር፣ ይሄ እኮ አሁን በስልክ ፎቶ አንስተሽ ብትፈልጊው በአንድ ደቂቃ ይመጣልሻል" አለኝ። እውነቱን ነው። የብሯን መልክ ነገርኩት፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ቁርጥ እሷን የምትመስል አሳየኝ። እኛን ስምንት ዓመት የፈጀብን ነገር በአንድ ደቂቃ የሚገኝ ከሆነ፣ ታሪኩ ለማን ይጠቅማል?

መምህራችን ግን "አንድ ዕቃ ምረጡና ጻፉ፤ ስለ ዕቃው ያነበባችሁትን ሳይሆን እንዴት እንዳያችሁት ጻፉ" ብለውናል። እኔ ጡረታ ወጥቼ በስልሳ ዓመቴ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆንኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የታዘዝኩትን በትክክል ለመፈጸም እሞክራለሁ። እንዴት እንዳየኋት ልጽፍ ነው። መጀመሪያ እንዴት እንዳላየኋትም።

ሥራ የገባሁት በ1971 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስድስት ሳምንት ሥልጠና ወሰድኩና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መደቡኝ። የሥራዬ ስም "የቅርስ ተቆጣጣሪ ረዳት" የሚል ነበር። ከአገር በሚወጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ አሮጌ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ ጥንታዊ ጌጥ ወይም ገንዘብ ሲገኝ ወደ እኛ ይላካል። እኛ እናየዋለን። አዲስ ከሆነ በክር አስረን፣ በቀይ ሰም አትመን "ሊወጣ ይችላል" እንላለን። የጥንት ከሆነ ደረሰኝ ተሰጥቶበት ይቀራል። ደመወዙ መዋጮው ተቆርጦ የሚደርሰኝ ቢሆንም ለእኔና ለእናቴ ይበቃን ነበር፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ክፍላችን ከመነሻ አዳራሹ ጎን በኮምፔንሳቶ የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። ከሁለት ጠረጴዛ፣ ከአንድ የወርቅ ሠሪ ሚዛንና ወደ ምሥራቅ ከሚያይ አንድ መስኮት ሌላ ምንም የላትም። የመስኮቱ ባለቤት ጋሽ ወልዱ ነበሩ።

ጋሽ ወልዱ በወጣትነታቸው ሰሜን ውስጥ የድሮ ከተማ ሲቆፍሩ ከነበሩ የውጭ ሰዎች ጋር ሠርተዋል። ሲቀጠሩ አፈር ተሸካሚ ነበሩ፤ ሲወጡ ግን የተገኘውን ዕቃ የሚስሉ ሰው ሆነው ወጡ። ጣልያንኛ ያነባሉ። ሽፋኑ የጠፋ ትልቅ የገንዘብ መጽሐፍ አላቸው፤ በጋዜጣ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጣ የነበረች አንዲት የመዳብ ፍራንክ አንስተው ሰጡኝና "ምንድን ናት?" አሉኝ።

"የአክሱም ገንዘብ ናት" አልኩ ፈጠን ብዬ። ሥልጠናው ላይ ያየሁት እሱን ብቻ ነበር።

"ስሙን አትንገሪኝ። ያየሽውን ንገሪኝ።"

"እ... ክብ ናት።"

"ጎበዝ! ክብ ናት። ቀጥዪ።"

የጣልያን ጊዜ ሳንቲም ነበረች። ደግሜ ደግሜ ሳያት ጊዜ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ተጽፎባታል። አልሳቁብኝም። "ስም ቀድሞ ከመጣ ዓይን ሥራ ያቆማል" አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እሳቸው አንድን ገንዘብ ለማወቅ ሦስት ብርሃን ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ጧት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ያለቀው ፊደል ጥላ ያወጣል። ቀትር ላይ የብረቱ ቀለም ይታያል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጧት ያየኸው ነገር በእርግጥ ያለ ወይም ዓይንህ የፈጠረው መሆኑ ይለያል። በሦስቱም ያልታየ ነገር በካርድ ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ነው። በሦስቱም ከታየና ከመጽሐፉ ጋር ከተስማማ በኋላ ብቻ በእርሳሱ ላይ በብዕር ይሄዱበታል። ገንዘብ ሲይዙ ፊቱን አይነኩም፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ነው። ሰው በሎሚና በአመድ ፈትጎ አብረቅርቆ ያመጣው ገንዘብ ሲገጥማቸው ግን እንደ ታመመ ሰው ያቃስቱ ነበር። "ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ፊት በአንድ ሎሚ!" ይላሉ።

የሲጋራ ነገር ደግሞ ነበረ። አያጨሱም፤ ነገር ግን የሚያጨስ ሁሉ የፓኮውን ብርማ ወረቀት ያጠራቅምላቸዋል። ወረቀቱን ገንዘቡ ላይ ያለብሱትና በላጲስ ጫፍ ቀስ እያሉ ይጫኑታል፤ ሲያነሱት የገንዘቡ መልክ ወረቀቱ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ዕቃው ለባለቤቱ ተመልሶ ቢሄድም መልኩ እኛ ዘንድ ይኖራል ማለት ነው። እንዲህ እያሉ በአገራችን የተገኙ የውጭ አገር የጥንት ገንዘቦችን በየካርዱ መዝግበው በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይዘዋል። ካርቶኑ ሲሞላ ለሙዚየም ሊያስረክቡት ነው። ከዚያ ሌላ ምኞት ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

አለቃችን ጓድ ጌታነህ ካኪ ለባሽ፣ ፈጣን፣ ክፉ የማይባል ሰው ነበር። ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሞ፣ "ጓድ ወልዱ፣ ፎቅ ላይ ያሉት የሚጠይቁኝ ስንት ዕቃ እንደተያዘ ነው። ስንት ዕቃ እንደታወቀ የጠየቀኝ የለም" ይል ነበር።

"እንግዲያው ጓድ፣ ሳናውቀው የምንይዘውስ ምኑን ነው?"

"እሱን ለውይይት ክበብ አቅርበው!" ብሎ ስቆ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። በ1974 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነው። ጋሽ ወልዱ የውይይት ክበብ ተራቸው ስለነበር ጧቱን ሙሉ አልነበሩም። የሮም አውሮፕላን ረፋድ ላይ ይነሣል። ሴቶችን የምትፈትሸው ባልደረባዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ "ዘነቡ፣ እቺን እናት እይልኝ እስቲ፤ ማተባቸው ላይ የሆነ ነገር አለ" አለችኝ።

ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሹሩባ የተሠሩ ሴት ናቸው። እማማ ለተብርሃን ይባላሉ። አገራቸው ከሰንዓፈ ወዲያ ነው፤ አዲስ አበባ ወንድማቸው ዘንድ ተቀምጠው የመውጫ ቪዛ ሲጠብቁ ዓመት አልፏቸዋል።

"ልጄ፣ ሮም ያለችው ልጄ ልትወልድብኝ ነው፤ ላርሳት ነው የምሄደው። አውሮፕላኑ ጥሎኝ ይሄዳል ወይ?"

"አይሄድም እናቴ። አንገትዎ ላይ ያለውን ብቻ ልየው።"

ጥቁር ማተብ ነው። ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ የተበየደላት ያለቀች ብር አለች። ሴትዮዋ ማተቡን በእጃቸው ከደኑት።

"ልትፈቺው ነው?"

ማተብ በሰው ፊት መፍታት ለእኔም ከባድ ነው፤ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? "አይፈታም፣ አይፈታም እናቴ። እዚያው እንዳለ አየዋለሁ" አልኩና አጉሊ መነጽሬን ይዤ አንገታቸው ሥር ጎንበስ አልኩ። ብርሃኑ ከኮርኒሱ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብርሃን ነው። አንዱ ገጽ በላብና በልብስ ተፍቆ ልሙጥ ሆኖብኛል። በሌላው ግን ቀሚሷ እስከ እግሯ የወረደ ሴት ቆማለች፤ በቀኝ እጇ ሚዛን ይዛለች።

ልቤ ሞቅ አለ። ሴትን ከሚዛን ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አውቃታለሁ። በላዔ ሰብ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ላይ ስትቀመጥ፣ እመቤታችን ጥላዋን ጣል አድርጋ ያዳነችው እዚያ ነው።

"ኪዳነ ምሕረት ናት!" አልኩ።

"እኛም እንደዚያ ነው የምንላት" አሉ እማማ ለተብርሃን፣ ፊታቸው በርቶ። "እናቴ ናት ያገኘቻት። ዝናብ መትቶ ካባራ በኋላ እርሻው ውስጥ ብልጭ ብላ። ስዳር አሰረችልኝ።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዝናብ መትቶ፣ እርሻ ውስጥ። ማንም ሰው የዛሬ ዘመን ሜዳሊያ እርሻ ውስጥ አይዘራም። እኔ ግን ስሙን አግኝቼ ጨርሼ ነበር። ቅጹ ላይ "የአንገት ሜዳሊያ፣ ብር፣ ሃይማኖታዊ፣ አዲስ" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ጋሽ ወልዱን ለማስደሰት ብዬ የሲጋራ ወረቀት አውጥቼ ሚዛን የያዘችውን ገጽ አነሳሁ። ልሙጡን ተውኩት። ሴትዮዋ ግንባሬን ስመው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ጧት ወረቀቱን እንደ ስጦታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጋሽ ወልዱ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

"ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ትናንት አንዲት እናት አንገት ላይ ነው። ኪዳነ ምሕረት..."

"ስሙን አትንገሪኝ። ያየሽውን ንገሪኝ።"

"ሴት ናት። ቆማለች። በቀኟ ሚዛን ይዛለች። በግራዋ ጥቅል ነገር።"

"ጥቅል ነው? እስቲ ወደዚህ ነይ፤ ጥላውን እይው።"

በጧቱ ብርሃን አየሁት። "ቀንድ ነው" አልኩ።

"ከአፉ ምን ይወጣል?"

"ፍሬ... ፍራፍሬ መሰለኝ።"

"በራሷ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን አለ?"

"የለም።"

"ኪዳነ ምሕረትን ያለ አክሊለ ብርሃን ተሥላ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይበልጥ አስጠጋሁት። በጠርዙ ላይ አራት የላቲን ፊደላት ቀርተው ነበር፤ ቀሪውን ማንጠልጠያው ሲበየድ በልቶታል። መጽሐፉን ከጋዜጣው ፈቱና ገለጡልኝ። ቁርጥ ራሷ። ሚዛን በቀኝ፣ የፍሬ ቀንድ በግራ። ሮማውያን ርትዕን በሴት አምሳል ሲቀርጿት እንዲህ ነው፤ ኤኲታስ ይሏታል። የሮም ቄሣር ዲናር ነበረች፤ በአዱሊስ ወደብ በኩል የገባች፣ ምናልባት አሥራ ስምንት ምናልባት አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፋት። ጋሽ ወልዱ በዕድሜያቸው ሙሉ ከእርሻ የወጣች የሮም ብር በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

"ሚዛን የያዘችውን ሴት ያስቀረጹ ቄሣሮች ከአሥር ይበልጣሉ" አሉ። "የየትኛው እንደሆነች የሚነግረን የራሱ መልክ ያለበት ገጽ ነው። እሱንስ አነሳሽው?"

"ልሙጥ ነበር፣ ጋሼ።"

"በስንት ብርሃን አየሽው?"

"...በአንድ።"

"እንግዲህ ልሙጥ መሆኑን አናውቅም።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ካርድ አወጡና በእርሳስ ሞሉት፤ "ቄሣሩ" ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ ተዉት።

ከዚያ ያደረጉትን ሌላ ሰው አያደርገውም። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ስህተት መፈጸሙን ራሳቸው ጽፈው ለጓድ ጌታነህ አቀረቡ። ሁለታችንም ተጠራን።

"ማነው ያሳለፈው?" አለ ጓድ ጌታነህ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ግን ፊርማዬ ያኔ እንደ ዶሮ ጭረት ስለነበር አልለየውም።

"ጠረጴዛው የእኔ ነው" አሉ ጋሽ ወልዱ።

ያኔ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ጓድ ጌታነህ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ሥራዬን እወድ ነበር፤ አለቃ ሁሉ እንዲወደኝ እፈልግ ነበር፤ ፈራሁ። በሥራ ዘመኔ ካጠፋሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ብሯን ሳላያት ቀረሁ፤ ይህን ግን እያየሁ ነው ያደረግኩት።

በሳምንቱ ጋሽ ወልዱን ወደ መጋዘን አዛወሯቸው። መጋዘኑ ሲኤምሲ ቪላዎቹ ገና ሲሠሩ በነበረበት በኩል፣ መንገዱ አቧራ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። መስኮት የለውም። የተሰበረ ወንበርና የተያዘ ዕቃ ይቆጥራሉ። የጫማ ካርቶናቸውን ይዘው ሄዱ። "ለሙዚየም አያስረክቡትም?" ብላቸው፣ "አንድ ካርድ በእርሳስ እያለ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን፣ ትዝ ሲለኝ፣ ረጅም ናፍቆት ነው። መስኮቱ ለእኔ ተላለፈ። ጧት ጧት ፀሐዩ ሲገባ የእርሳሳቸው ጭረት ይሰማኝ ነበር። አንድ ዕቃ ይመጣና ልቤ ስም ሲሰጠው፣ ከጎኔ "አትንገሪኝ" የሚለኝ የለም፤ ራሴን በራሴ እቆጣለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በውይይት ታክሲ እስከ መገናኛ እሄድና የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ፤ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ በተገለበጠ ሳጥን ተቀምጠን ያስተምሩኛል። የቄሣሮችን ፊት በካርቶን ቁራጭ ላይ በአፍንጫ፣ በአንገት፣ በጢም እየለዩ ይሥሉልኛል። "ሐድርያኖስ ጢም እስኪያበቅል ድረስ ቄሣር ማለት የተላጨ ሰው ነው። መጀመሪያ ጢሙን ጠይቂ" ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ዝም ስላልኩት ነገር ለመናገር ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እሳቸውም ሁልጊዜ ያኔ ሌላ ፊት መሣል ይጀምሩ ነበር።

የሮም አውሮፕላን በሚገባበት ቀን ምሳዬን የምበላው መድረሻው በር አጠገብ ቆሜ ነው። ከሚወጡት አሮጊቶች አንገት ላይ ጥቁር ማተብ እፈልጋለሁ። ባልደረቦቼ "ዘነቡ ከሮም የሚመጣ እጮኛ አላት" እያሉ ሲያሾፉብኝ ኖሩ። ዓመታቱ ሲያልፉ፣ "ይሄ ሰውዬ ግን አይመጣም፤ ሌላ ፈልጊ" ማለት ጀመሩ። በዚህ መካከል ጓድ ጌታነህ ተሾሞ ሄደ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ። ጋሽ ወልዱ ጡረታ ወጥተው ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ ካለው ቤታቸው ዋሉ። የዓይን ሞራ ጋረዳቸው። አንዱን ዓይናቸውን አስቀደዱት፣ አልሆነም። ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ። ካርቶኑ አልጋቸው ሥር ነው።

በ1982 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ እማማ ለተብርሃን መጡ።

በፊታቸው አላወቅኋቸውም፤ ከስተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። በማተባቸው ነው ያወቅኋቸው። ሳንድዊቼን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

"እማማ ለተብርሃን!"

"ማነሽ ልጄ?"

"አስታወሱኝ? ያኔ ሲሄዱ ማተብዎን ያየሁት..."

"ኪዳነ ምሕረት ያልሽኝ ልጅ!" አቀፉኝ። "ልጅቷ ሦስት ወለደች። እኔ እዚያ መኖር አልቻልኩም፤ አገሬ ገባሁ።"

መደበቅ አልፈለግኩም። እዚያው ቆመን ነገርኳቸው፤ ኪዳነ ምሕረት አለመሆኗን፣ የድሮ የሮም ገንዘብ መሆኗን፣ አንድ ሽማግሌ በእሷ ምክንያት ምን እንደደረሰባቸው።

"እና ልትወስጂብኝ ነው?"

"አይ እናቴ። ወደ አገር የገባ ዕቃ አይያዝም። በስምዎ ተመዝግባ እርስዎ ዘንድ ትቀመጣለች፤ ዳግመኛ እንዳትወጣ ብቻ ነው። እኔ የምለምንዎ ሽማግሌው ዘንድ አንድ ቀን እንዲውሉልኝ ነው።"

"ሚዛኗንስ በእውነት ይዛለች?"

"ይዛለች።"

"እሱ ይበቃኛል" አሉ። "የት ነው ቤታቸው?"

"ወሎ ሰፈር።"

"እህ! ወንድሜም እዚያው አይደል?"

በዚያው ከሰዓት ጋሽ ወልዱ ዘንድ በሩጫ ሄጄ ስነግራቸው ብድግ ብለው የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር። "ጧት በአንድ ሰዓት ይዘሻቸው ነይ" አሉኝ ብቻ። "ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ወደ ላይ ይወጣል።"

በማግስቱ በአንድ ሰዓት ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሁለቱ አዛውንቶች በትግርኛ ስለ አገራቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት ጥቂት አወሩ። ከዚያ እኔ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ እንደ ድሮው አንገታቸው ሥር ላጎነብስ ስል፣ እማማ ለተብርሃን ማተቡን ሳይፈቱ በራሳቸው በኩል አውልቀው ጋሽ ወልዱ መዳፍ ላይ አኖሩት።

ደነገጥኩ። "እማማ! በራስ በኩል ይወጣል እንዴ?"

"ይወጣል እንጂ! ስታጠብ አወልቀው የለ?"

"ታዲያ ያኔ ለምን አላወለቁልኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ! አይፈታም፣ አይፈታም ያልሽው አንቺ ነሽ!"

ጋሽ ወልዱ እንደዚያ ሲስቁ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ዕንባቸው ወረደ። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ የአንገት ክር ምክንያት! እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ።

ብሯን ጠርዟን በሁለት ጣት ይዘው ለእኔ ሰጡኝ። "ልሙጥ ያልሽውን ገጽ ወደ ፀሐዩ አዙሪው። አታዘንብዪው፤ ብርሃኑ በላዩ እንዲሄድ አድርጊ። ስሙን..."

"አልነግርዎትም።"

"ያየሽውን ንገሪኝ።"

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ብርሃኑ ተንሸራተተና ጥላ ወጣ። "ራስ አለ። ወደ ቀኝ ያያል። ፀጉሩ ላይ የቅጠል ጉንጉን አለ።"

"ጢሙስ?"

"የለውም። አገጩ ንጹሕ ነው።"

"ጢም የለውም" አሉ በቀስታ። እሳቸው ስምንት ዓመት ሲገምቱ የኖሩት ጢማም ቄሣር ነበር። "አንገቱስ? ወፍራም ነው? ወፍራም ከሆነ ሌላ ሰው ነው።"

"ቀጭን ነው። ረጅም፣ የሽማግሌ አንገት።"

"አፍንጫው?"

"ትልቅ ነው፣ ጋሼ። እንደ ንሥር አፍ የጎበጠ።"

እጃቸውን ዘረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ገንዘብ ፊት በጣታቸው ሲነኩ አየሁ። አውራ ጣታቸው አፍንጫው ላይ ቆመ።

"ከማጅራቱ በኩል ወደ ታች ፊደል ፈልጊ። የማስበው ሰው ከሆነ አር እና ቪ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው።"

ፈለግሁ። አር ነበረች፤ ቪ ደግሞ ግማሿ። "አሉ!"

"አሁንም በእርሳስ ነው" አሉ። "ቀትርን እንጠብቅ።"

ቀትርን ጠበቅን። ምሳ አብረን በላን፤ እማማ ለተብርሃን የሮም ልጆች ስንት ሰዓት እንደሚተኙ አጫወቱን። በቀትር ብርሃን አየኋት፣ ያየሁትን ተናገርኩ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲዞር እንደገና አየኋት። አፍንጫው፣ አንገቱ፣ አር፣ ቪ፤ ሁሉም እዚያው ነበሩ።

"ኔርቫ" አሉ ጋሽ ወልዱ። "ሽማግሌ ሆኖ ነው የነገሠው። አሥራ ስድስት ወር ብቻ።" ፈገግ ብለው፣ "እኔ እንኳን መስኮቴ ላይ ከሱ የበለጠ ቆይቻለሁ" አሉ።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ያን ቀን ጓድ ጌታነህ ሲጠይቅ ዝም ያልኩት..."

"ያየሽውን ንገሪኝ።"

"ፈራሁ። ጫማዬን አየሁ። ፊርማው የእኔ ነበር።"

"አውቃለሁ። ፊርማሽን የማላውቅ ይመስልሻል? መስኮቱ ነው የቆጨኝ እንጂ አንቺን አልተቀየምኩሽም።" እጃቸውን ወደ አልጋው በኩል ጠቆሙ። "ካርቶኑን አምጪ። ነገ ለሙዚየም ታደርሺልኛለሽ።"

ካርዱን አወጣሁት። የእርሳሱ ጽሑፍ ደብዝዞ ነበር፤ የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው። ብዕሬን አውጥቼ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ሄድኩበት። ባዶው ቦታ ላይ "ኔርቫ" ብዬ ጻፍኩ። "ያየው" በሚለው ፊት ለፊት የእሳቸውን ስም ከአፌ እያወጣሁ ልጽፍ ስል ሰምተው፣ "አይ፣ ያየሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ስሜን ጻፍኩ፤ በዚህ ጊዜ በሚነበብ ፊደል። ብሯን ለባለቤቷ መለስኩላቸው፤ በራሳቸው በኩል አጠለቋት።

"ጨረስሽ?"

"ቀኑ ቀርቷል፣ ጋሼ።"

"እሱንም በብዕር ጻፊው" አሉ።

ግንቦት 3 ቀን 1982 ዓ.ም.